የመረግነው ክፍል

አባቴ ነገሌ ቦረና ላይ ተቀምጦ ብርድ ይፈራ ነበር። ይህን ሳወራ የሚስቁ ሰዎች አሉ፤ እኔም ድሮ እስቅ ነበር። የቆርቆሮ ጣሪያችን በፀሐዩ ሲንጣጣ፣ ቀዩ አቧራ ከመንገዱ ተነሥቶ የታጠበ ልብሳችን ላይ ሲያርፍ፣ እሱ የኮቱን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆልፎ «በዚህ ነፋስ በር ከፍቶ መቀመጥ ምን የሚሉት ድፍረት ነው?» ይለን ነበር። የተወለደው ውርጭ በሚወርድበት ደጋ ነው፤ በልጅነቱ ሁለት እህቶቹ በሳንባ ምች ሞተውበታል። ከዚያ አገር ከወጣ ሃያ ዓመት ሊሞላው ምንም ያህል አልቀረውም፤ ብርዱ ግን ከሻንጣው ጋር አብሮት የመጣ ይመስለኛል።

ሥራው ፍርድ ቤት ጸሐፊነት ነበር። እጅ ጽሑፉ ከማማሩ የተነሣ ዳኞቹ ሳይቀሩ የግል ደብዳቤያቸውን በእሱ ያስጽፉ ነበር፤ ከሊበን ገጠር ሁለት ቀን በእግሩ ተጉዞ የመጣ ከብት አርቢም ማመልከቻውን እሱ ካልጻፈለት የሚፈረድለት አይመስለውም። ከብዕር ሌላ የያዘው ነገር ግን አይሆንለትም። ምስማር ሲመታ ጣቱን ይመታል፤ እንጨት ሲፈልጥ ጫማውን ሊፈልጥ ለጥቂት ይተርፋል። እናቴ እሱ ባለበት፣ ጮክ ብላ፣ «መዶሻውን ከአባታችሁ ደብቁልኝ» ትለን ነበር። እሱም ይስቅ ነበር። በዚያ ቤት ውስጥ ይሳቅ እንደነበር ማስታወስ አሁን አሁን ይከብደኛል።

ልጆቹ ሁለት ነበርን፤ እኔና በአምስት ዓመት የምበልጠው ወንድሜ። ደረቱ ከተወለደ ጀምሮ ደካማ ነው። ትንፋሽ ሲያጥረው ትከሻው ወደ ጆሮው ይነሣል፣ በጎድን አጥንቱ መሐል ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል፤ ጥቁረቱ ወደ ሰማያዊ ያደላል። እንደ ሰው ጋደም ብሎ አይተኛም፤ ትራስ ተደርድሮለት ተቀምጦ ነው የሚያንቀላፋው። የክሊኒኩ ድሬሰር ትናንሽ ነጭ ኪኒን ይሰጠው ነበር፤ ሲኖር። ኪኒኑ ሲጠፋ «ብቻ አቧራና ብርድ እንዳያገኘው» ይላል፤ ይህ ምክር ጠፍቶ አያውቅም። በዚህ ምክንያት እኛ ቤት በርበሬ አይቆላም፣ ምንጣፍ አይራገፍም፣ ድመት አይገባም። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ወንድሜ የዋልኩበትን ሁሉ ከአልጋው ላይ ሆኖ ያስነግረኛል። «ከዚያስ? እሷስ ምን አለች? ከዚያስ?» አንዳንድ ቀን ይሰለቸኝና እፈጥርለት ነበር። የፈጠርኩት ሲሆን ያውቅብኛል፤ ግን አያስቆመኝም።

አልጋው የተጠጋበት የጭቃ ግድግዳ ተሰንጥቆ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አበጅቷል። መንገዱ በዚያ በኩል ነው የሚያልፈው፤ የክፍሉ መስኮት ወደ ጓሮ ነው። ወንድሜ ዐይኑን እዚያ ላይ ለጥፎ ይውላል። ከሻኪሶ የሚመጣውን የጭነት መኪና ከሜጋ ከሚመጣው በድምፁ ነው የምለየው ይል ነበር። ውሸቱን ነው፤ የሻኪሶው ጎማ ጭቃ ይዞ ስለሚመጣ የሜጋው ደግሞ አቧራ ለብሶ ስለሚመጣ ነው። ሲያድግ ትሬንታኳትሮ የጭነት መኪና ነድቶ እኔን ከላይ ጭነቱ ላይ ጭኖ አዲስ አበባ ሊወስደኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር። «ለምን ጭነቱ ላይ?» ስለው ተገርሞ አየኝ። «ጋቢና ውስጥማ እማዬ ናታ!»

በዚያ ዓመት ትልቁ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ነፋሱ በረታ። ወንድሜን በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ሕመሙ ተነሣበት፤ በሦስተኛው እናቴ አቅፋው ቁጭ ብላ ሳለች ትንፋሹ ቆም ብሎ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ አባቴ ከቢሮ እንደተመለሰ ምሳውን ሳይነካ መዳፉን በግድግዳው ላይ እያስኬደ ነፋስ የሚገባበትን ቦታ ይፈልግ ጀመር። የአንዱን ክፍል ግድግዳ ጨርሶ ወደ ወንድሜ ቀዳዳ ሲደርስ ጣቱን ከተተበትና ቆመ። ወደ እናቴ ዞሮ «ይኸው» አላት። «ልጄን የሚገድልብኝ ይኼ ነው።» ድምፁ ውስጥ ተስፋ ነበር። ሰው ጠላቱን በዐይኑ ሲያይ እንዴት እንደሚጽናና ያን ቀን አየሁ። ቤቱ እንደ አዲስ ይመረጋል ተባለ፤ ከውጭም ከውስጥም።

ጭቃው ሳምንቱን ሙሉ ግቢያችን ውስጥ ተኝቶ ቦካ። የጤፍ ጭድ እዚያ አገር እንደልብ ስለማይገኝ እናቴ ደረቅ ሣር አስጨደች፤ እኔ እበት ለቀምኩ፤ ጠዋት ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ቀሚሴን ሰብስቤ ጭቃውን ስረግጥ ወንድሜ በቀዳዳው እያየ «ግራ! ቀኝ! ግራ!» እያለ ያዘኛል። ቅዳሜ አባቴ ቢሮ እስከ ስድስት ሰዓት ነው የሚውለው። እንደተመለሰ ኮቱን አወለቀና እጅጌውን ጠቀለለ። ክንዱ የማላውቀው ሰው ክንድ መሰለኝ፤ ፀሐይ ነክቶት አያውቅም።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ብታዩን ትስቁ ነበር። ጭቃውን በሁለት እጁ አንሥቶ ግድግዳው ላይ ይለጥፋል፤ ሲለጥፍ ቀስ ብሎ፣ እንደ ፊርማ ተጠንቅቆ ነው። ጭቃ ደግሞ በኃይል ካልመቱት አይዝም። ለጥፎ ወደ ኋላ ሲል ይንሸራተትና እግሩ ሥር ይከመራል። እናቴ አፏን በነጠላዋ ሸፍና በሳቅ ትንፈራፈራለች። ጎረቤታችን ባለሱቁ ሐጂ በአጥራችን በኩል ሲያልፉ አይተውት ቆሙ። ከአባቴ ጋር ለብዙ ዓመት የተዋወቁ ናቸው፤ እሳቸው «ጸሐፊ» ይሉታል፣ እሱ «ሐጂ» ይላቸዋል፤ አንቱታው ከሁለቱም በኩል አንድም ቀን አልተጓደለም።

«አካም፣ ናጋ ጂርቱ? ጸሐፊ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ናጋ ነው፣ ሐጂ። ቤት እየመረግን ነው።»

«እኔማ ጭቃውን እያስተኙት መሰለኝ። ይምቱት እንጂ! አይቀየምዎትም።»

በመታው ጊዜ ያዘ። አባቴ የሆነ ድል ያገኘ ይመስል ወደኛ ዞሮ አየን። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የውጩን ሦስት ግድግዳ ጨረሰ፤ የመንገዱ ወገን ብቻ ቀረው። ምርጊቱ ጎርባጣና ጠማማ ነበር፤ ግን ነፋስ አያስገባም። ወደ ውስጥ ሊገባ ጭቃ ሲያነሣ እናቴ እጁን ያዘችው። «ሰንበት ገባ» አለችው። «ቅዳሜንም ዝም ያልኩህ ለልጁ ብዬ ነው። እሑድን ግን አትንካብኝ።» አባቴ ሰኞ ቢሮ ነው፤ ጭቃው እስከ ሌላ ቅዳሜ አይቆይም፤ ዝናቡም አይጠብቅም። ይህን ሁሉ አስረዳት። እናቴ ሰማችው፤ ሰምታ ባልዲውን ከእጁ ወሰደችና እጁን አስታጠበችው።

እሑድ ጠዋት ሐጂ ሽርጣቸውን ከፍ አድርገው አስረው፣ ጭቃ ማለስለሻ መለሰኛ ይዘው መጡ። አባቴ መቼም ሱቃቸው ሄዶ ችግሩን ሳያዋያቸው አልቀረም። «ጸሐፊ፣ ሰንበት የእናንተ ነው» አሉ በሩ ላይ ቆመው። «የኔ አርብ ነበር፤ አለፈ። እናንተ ቁጭ በሉ፤ ውስጡን እኔ እመርገዋለሁ። ጭቃው እኮ ደረቀ!»

እናቴ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ነጠላዋን ለብሳ ነበር። አባቴን ወደ ጓዳ ጠርታ፣ «ሰው ማሠራትስ መሥራት አይደለም?» ስትለው ሰማሁ።

«እኔ አላዘዝኳቸውም» አለ አባቴ፣ የፍርድ ቤቱን ድምፅ አውጥቶ። «አልቀጠርኳቸውም። በገዛ ፈቃዳቸው መጡ። ይህ በየትኛውም ሕግ ማሠራት አይባልም።»

«እኔ የጠየቅኩህ ስለ ሕግ ነው?» አለችው። ከዚያ ቆም ብላ የወንድሜን ትንፋሽ አዳመጠች፤ ሁላችንም ሳናስበው የምናደርገው ነገር ነው። ምንም ሳትጨምር ወጥታ ሄደች። ያ ዝምታዋ እሺ መሆኑን እኔም አባቴም ገብቶናል። እሷ ግን ለራሷ ይቅር አላለችውም።

ወንድሜን ከነአልጋው በረንዳ ላይ አወጣነው። በሕይወቱ ካሳለፋቸው ጠዋቶች ሁሉ ያማረው ያ ይመስለኛል። መንገዱ ሙሉ በሙሉ ፊቱ ተዘርግቶለታል። ትንፋሹ ልክ እንደኔ ትንፋሽ ነበር፤ ድምፅ የለው፣ ትግል የለው። ዳቦ በማር አቅርቤለት በላና «ጨምሪልኝ» አለኝ። ጨምሪልኝ ብሎ አያውቅም ነበር። ሐጂ ጭቃ ሊያነሡ በወጡ ቁጥር «ጉርባ፣ አካም?» ይሉታል፣ ልጁ፣ እንዴት ነህ ማለታቸው ነው፤ እሱ እንደ ትልቅ ሰው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ናጋ» ይላል፣ ሁለቱም ይስቃሉ። እኔ ግን ከፍቶኝ ነበር፤ ለምን እደብቃለሁ? ጓደኞቼ ከአጥሩ ውጭ ገመድ ይዘልላሉ፤ እኔ ግን ዝንብ አባራሪ፣ ውኃ አቀባይ ነኝ። ሁልጊዜ እሱ፣ ሁልጊዜ እሱ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር።

ሐጂ ውስጡን እየመረጉ የወንድሜ ቀዳዳ ጋ ሲደርሱ ወንድሜ ከበረንዳው ጠራቸው። «ሐጂ፣ ያቺን ይተዉልኝ!» ሐጂ ጭቃውን እጃቸው ላይ እንደያዙ አባቴን አዩት። አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና፣ ከሻሸመኔ መስተዋት አስመጥቶ እዚያው ላይ መስኮት እንደሚያስገባለት፣ ያኔ በአንድ ዐይን ሳይሆን በሁለት ዐይኑ እንደሚያይ ነገረው። «መቼ?» አለ ወንድሜ። «ዝናቡ ሲያበቃ» አለ አባቴ። ወንድሜ አሰበበትና፣ «እሺ፣ ሁለት መስተዋት ይሁን፤ አንዱ ቢሰበር» አለ። ሐጂ ቀዳዳውን ከውስጥም ከውጭም ደፈኑት።

አምስት ሰዓት ሳይሞላ ጨረሱ። ግድግዳው እንደ ቆዳ ለስልሶ ያብለጨልጫል፣ ክፍሉ የጭቃና የእበት ሽታ ሞልቶታል። ሐጂ እጃቸውን እየታጠቡ አባቴን፣ «በሩንም መስኮቱንም ሁለት ሦስት ቀን ክፍት ይተዉት» አሉት። «እርጥብ ቤት ለደህና ሰውም አይሆንም። ይህ ልጅ ቂሌንሳ ነው የሚፈልገው።» ቂሌንሳ በኦሮምኛ አየር ነው። «እስኪደርቅ ድረስ እኔ ቤት ከልጆቼ ጋር ይሁን። አደራ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ሐጂ። እናያለን» አለ አባቴ። አባቴ እናያለን ካለ እምቢ ማለቱ ነው። ልጁን ሰው ቤት፣ ያውም በር ተከፍቶ በሚዋልበት ቤት፣ የሚሰጥ ሰው አልነበረም።

እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ምሳ በላን። ከዚያ ማዶ ሰፈር አራስ ልትጠይቅ ተነሣች። ስትወጣ የወንድሜን ግንባር ስማ፣ «በረንዳው ላይ ይቆይልኝ፤ ዛሬ አምሮበታል» አለች። ይህን ያለችው ለአባቴ ነው፤ እኔም ሰምቻለሁ።

ስምንት ሰዓት ላይ ነፋሱ ተነሣ። በመጀመሪያ ከመንገዱ ማዶ ቀይ አቧራ ሲሽከረከር አየን፤ ከዚያ ግቢው ውስጥ ገባ፤ ወንድሜን ሳል ጀመረው። ሦስት ወይ አራት ጊዜ ነው የሳለው። አባቴ ግን ፊቱ ተለዋወጠ። ከነብርድ ልብሱ ታቀፈውና ወደ ተመረገው ክፍል አስገባው። አልጋውን እኔና እሱ ጎትተን መለስነው። መስኮቱን ቀረቀረ። ግድግዳውን በመዳፉ ነካ፤ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። «ይኼም ብርድ ነው» አለ ለራሱ፣ ተጨንቆ።

እናም የከሰል ምድጃውን አሰበ። አባቴን አላዋቂ እንዳትሉብኝ። ጭስ ለወንድሜ መርዝ መሆኑን ከማንም በላይ ያውቃል። ከሰሉን ግቢ ውስጥ አቀጣጥሎ፣ እስኪቀላ ጠብቆ፣ ጥቁሩን በጉጠት አንድ በአንድ ለቅሞ አውጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ አሽትቶት ነው ያስገባው። «ጭስ የለውም፤ ንጹሕ ፍም ነው። ግድግዳውንም ያደርቀዋል፣ አንተንም ያሞቅሃል» አለው። በደጋው አገር እናቱ እንዲህ ታደርግ ነበር፤ ያ ቤት ግን የሣር ክዳን ነው፣ ከሁሉም በኩል ይተነፍሳል። የእኛ ክፍል አንድ ስንጥቅ አልቀረለትም፤ ሁለት ቀን የለፋነው ለዚያ ነው። በሩን ዘግቶ ከሥሩ ጆንያ ወተፈበት።

«ሾፌሩ ሳይሄድ ልድረስበት» አለኝ። ከሜጋ የመጣ መኪና ሰኞ ማለዳ ወደ ሻሸመኔ ይመለሳል፤ ሾፌሩን ሻይ ቤት አግኝቶ የወንድሜን ኪኒን እንዲያመጣለት ሊለምነው ነው። «አንቺ በሩ ላይ ተቀመጪ። ምንም ቢሆን እንዳትከፍቺ፤ ላብ አልቦት ነፋስ ካገኘው አለቀ። ሰማሽ?» ሰምቻለሁ አልኩት። ኮቱን እየለበሰ ወጣ።

በሩ ሥር ጠጠሮቼን ዘርግቼ ቅልብልቦሽ መጫወት ጀመርኩ። ብቻዬን ነበር የምጫወተው፤ ለቀኝ እጄና ለግራ እጄ። ቀኝ እጄ እየመራ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ወንድሜ ጠራኝ። በስም ሳይሆን «እታለም» እያለ ነው የሚጠራኝ።

«እታለም፣ ሞቀኝ።»

«ብርድ ልብሱን ግለጠው።»

 አንድ ዙር ጨረስኩ። ከዚያ እንደገና፦ «እታለም፣ በሩን ትንሽ ገርበብ አድርጊልኝ።»

«አባባ እንዳትከፍቺ ብሏል። ነፋስ ሊመታህ ነው? ለእሱ እነግርብሃለሁ።»

«ራሴን አመመኝ።»

«አንተ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነገር አታጣም!»

ይህን በቁጣ ነው ያልኩት። ጠጠሮቹን ወደ ላይ ወርውሬ ነበርና አንዱ አመለጠኝ፤ በእሱ አሳበብኩ። ሦስተኛውን የተናገረው ዝግ ባለ ድምፅ ነው። «እታለም፣ ነይ።» ያኔ እሄዳለሁ ብዬ ነበር፤ በእውነት ብዬ ነበር። «ይቺን ልጨርስና» አልኩት። ጨረስኩ። ሌላ ጀመርኩ። እሱ ዝም ብሏል። ተኛ ብዬ ደስ አለኝ።

እናቴ ስትመለስ በረንዳው ባዶ ነው። «የታል?» አለችኝ። በዐይኔ በሩን አሳየኋት። ጆንያውን አየችው፤ በእግሯ ገፍታ በሩን ከፈተችው። የወጣው ሙቀት እኔ ያለሁበት ድረስ መጣ። ወንድሜ ትራሱ ላይ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል። ከንፈሩ ቀይ ነበር። በሰባት ዓመት ውስጥ እንዲህ ቀልቶ አይተነው አናውቅም፤ እናቴም ከማወቋ በፊት ላንድ አፍታ ደስ አላት። አየኋት። «እሰይ የኔ ጌታ፣ ከንፈሩ ቀላ» አለች። ከዚያ ክንዱን አነሣችው፤ ክንዱ ወደቀ።

ጩኸቷን የሰሙት ሐጂ አጥሩን ተሻግረው ገቡ። ምድጃውን አዩ፣ መስኮቱን አዩ። ወንድሜን አቅፈው ወደ ክሊኒኩ ሮጡ፤ እኛ ተከተልን። ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ እንደዚያ መሮጥ የሚችሉ አይመስለኝም ነበር። ትንፋሹ ያኔ አልወጣም ነበር። ድሬሰሩ ከቤቱ ተጠርቶ እስኪመጣ፣ መርፌ እስኪወጋው፣ ደረቱን እስኪያሸው ድረስ ቆየ። ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ነው ያበቃው። አባቴ የደረሰው ያን ጊዜ ነው፤ ሾፌሩን አግኝቶት ነበር፣ ሾፌሩም እሺ ብሎታል። ድሬሰሩ ምን እንደሆነ ሲጠይቅ አባቴ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ከሰሉን ያስገባሁት እኔ ነኝ። በሩንም የዘጋሁት እኔ ነኝ» አለ፣ ቃል እንደሚሰጥ ሰው እያንዳንዱን ለይቶ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ለቅሶ ስንቀመጥ ሐጂ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው ዋሉ። «ነግሬዎት ነበር» የሚለው ቃል ከአፋቸው አልወጣም፤ ለሌላ ሰውም እንዳልተናገሩ አውቃለሁ፤ ከተማው ትንሽ ነው፣ ቢናገሩ እንሰማ ነበር። እናቴ የልጇ ሞት ሰንበትን ከመሻር የመጣ ነው ብላ አመነች። እግዚአብሔርን በሌላ ሰው እጅ ልናታልለው ነበር ትላለች። ሐጂን አልወቀሰችም፤ አባቴንም በግልጽ አልወቀሰችም፤ ራሷን ግን፣ ዝም ብዬ ወጣሁ እያለች፣ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጾምበትና ስትሰግድበት ኖረች። አባቴ ደግሞ የወሰደው፣ ከንፈሩንም ያቀላው የከሰሉ ጋዝ መሆኑን ያውቃል። አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ማዕድ እየቆረሱ፣ ሁለቱ በየራሳቸው ምክንያት አዘኑ፤ አንዱ ያንዱን ሊያፈርስበት አልፈለገም። ይህን ደግነት ነበር እላለሁ አንዳንዴ። አንዳንዴ ደግሞ እናደዳለሁ፤ ቢጣሉ፣ ቢጮሁ፣ ምናልባት እኔንም ይጠይቁኝ ነበር።

ማንም አልጠየቀኝም። ልጅ ናት፣ ታዝዛለች፣ የታዘዘችውን አደረገች፤ በዚያ ታለፍኩ። በሩ ላይ ስለነበርኩ የሰፈር ሴቶች እያቀፉ «አይዞሽ፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ» ይሉኝ ነበር። በዓመቱ አባቴ ዝውውር ጠይቆ ከነገሌ ለቀቅን። ያን ክፍል ጭቃው ደርቆ፣ ጠንክሮ፣ አንድም ስንጥቅ ሳያወጣ ትተነው ሄድን። የተከራዩት ሰዎች እንዲህ ያለ ጥሩ ምርጊት አይተው እንደማያውቁ ለአባቴ ነግረውት ነበር።

አባቴ ቀድሞ ሞተ። እናቴ ከእሱ በኋላ ብዙ ኖራ፣ በመጨረሻ እኔ ቤት መጣች። አንድ ረፋድ ላይ ደጅ ተቀምጣ ፀጉሯን ስጎነጉንላት ሌላ ነገር እናወራ ነበር። ከዚያ ፊቷን ሳታዞር፣ «ያን ቀን ጠርቶሽ ነበር?» አለችኝ።

ከዚያ በፊት ጠይቃኝ አታውቅም። ሠላሳ ዓመት አልፎታል። እጄ ቆመ፤ መቆሙ እንዳይታወቅብኝ እንደገና ጀመርኩ።

«አልጠራኝም» አልኳት። «እንቅልፍ ወስዶት ነበር።»

«ምንም ሳይል?»

«ምንም። ተኝቶ ነበር፣ እማዬ።»

ትከሻዋ ወረደ። ብዙ ጊዜ የተሸከመችውን አንድ ነገር እንዳስቀመጠች ዓይነት ረዥም ትንፋሽ አወጣች። ፈርታ የኖረችው ልጇ ሰው ፈልጎ፣ ጠርቶ፣ የሚመጣለት አጥቶ እንደሆነ ነው፤ ለካስ ከሰንበቱም ከምኑም በላይ የሚያቃጥላት ይኼ ኖሯል። አለቀሰች፤ ግን እያለቀሰች ፈገግ አለች። «ተመስገን» አለች። «ብቻውን አልፈራም ማለት ነው። ይህን ካወቅሁ አሁን ብሞትም ግድ የለኝ።» ከዚያ ወደኔ ዞረች፤ ሁለት እጇን ዘርግታ ትመርቀኝ ጀመር። ልጆችሽ ይባረኩ፣ ደጅሽ አይዘጋ፣ ስትጣሪ የሚሰማሽ አትጪ እያለች መረቀችኝ።

እኔም ጎንበስ ብዬ አሜን አልኩ።